ግዳይና ማዕድ፦ አዳኝና ረሃብተኛ በወሎ ታሪክ



ሰኞ ጠዋት ሰኞ ገበያ የወጣ ሰው ጤፍና ማሽላ፣ በግና ፍየል፣ ማርና ቅቤ፣ ጌሾና በርበሬ ያገኛል። የድኩላ ሥጋ ግን አያገኝም። ሚዳቋ የተሰቀለችበት ሉካንዳ በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ አይታይም። በሕግ የተከለከለ ስለ ሆነ ነው የሚል ይኖራል። ሕጉ እውነት ነው፤ ነገር ግን የዱር እንስሳ ሥጋን ከገበያና ከማዕድ ያራቀው ልማድ ከሕጉ እጅግ ይቀድማል።

የዛሬው ንግግሬ የሚነሣው ከዚህ ባዶ ቦታ ነው። አገራችን ሁለት ትልልቅ የትረካ ቅርሶች አሏት። አንዱ የገዳይ ፉከራ ነው፤ ሌላው የረሃብ ትዝታ ነው። ሁለቱም በአንድ ተራራ ሥር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት ውስጥ ሲነገሩ ኖረዋል። ይሁን እንጂ በትረካ ሲገናኙ አይሰማም። ፎካሪው የገደለውን ሲቆጥር ማንን እንዳበላበት አይናገርም፤ የረሃቡን ዘመን የሚያስታውሱትም አረጋውያን «አዳኝ መጥቶ አበላን» ሲሉ አልሰማሁም። ለምን?

ጥያቄውን በዚህ መልክ እንድጠይቅ ያነሣሣኝ የሩቅ አገር ልማድ መሆኑን አልደብቅም። በአሜሪካ በተለይ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ እንደ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ባሉ ግዛቶች አዳኞች የገደሉትን ዋላ ለችግረኞች የሚሰጡበት ሥርዓት ተስፋፍቷል። አሠራሩ ቀላል ነው። አዳኙ ዋላውን ለታወቀ ሥጋ ቆራጭ ያስረክባል፤ የቆራጩን ዋጋ የበጎ አድራጎት ማኅበር ይከፍላል፤ የተፈጨው ሥጋ በምግብ ማደያ ቤቶች በኩል ለችግረኛ ቤተሰብ ይደርሳል። ይህ እንዲሆን ግን ብዙ ነገር አስቀድሞ መሟላት አለበት። ዋላው እህል እስኪያጠፋና በየመንገዱ ከመኪና ጋር እስኪጋጭ ድረስ የበዛ ነው፤ አዳኙ ራሱ የጠገበ ነው፤ በመካከልም ማቀዝቀዣ፣ ቆራጭና የማከፋፈያ ድርጅት አለ። ረሃቡም ቢሆን የአገር ሁሉ ረሃብ ሳይሆን በጠገበ አገር ውስጥ ያለ የድሃ ሰው ረሃብ ነው። ይህን ልዩነት ካልያዝን ንጽጽሩ ያሳስተናል።

አሁን ወደ ራሳችን አዳኝ እንመለስ።

በአማርኛ «ገዳይ» የማዕረግ ስም ነበር። ዝሆን፣ አንበሳ፣ ጎሽ ወይም አውራሪስ የገደለ ሰው ራሱን ቅቤ ተቀብቶ፣ ጆሮው ላይ ሎቲ አንጠልጥሎ፣ እየፎከረ ወደ አገሩ ይገባል። የገደለበትንም ምልክት፣ ጭራውን ወይም ጥርሱን ወይም ቆዳውን፣ በጌታው ፊት ይጥላል። ይህ «ግዳይ መጣል» ይባላል። ቃሉን ልብ በሉልኝ፤ ግዳይ የሚጣለው በጌታ እግር ሥር ነው፣ በድሃ ገበታ ላይ አይደለም። ጌታው በበኩሉ ይሸልመዋል፤ ዘመድ ወዳጁም እንደ አቅሙ ስጦታ ያመጣለታል። ከዝሆን ጥርስም አንዱ ለገዢ የሚገባ ድርሻ እንደ ነበረ በብዙ ስፍራ ይታወቃል። እንግዲህ በዚህ ሥርዓት ስጦታ ወደ አዳኙ ይመጣል፣ ክብርም ወደ ገዢው ይወጣል። ወደ ታች፣ ወደ ተራበው የሚወርድ ነገር ግን በሥርዓቱ ውስጥ ቦታ አልተበጀለትም።

ሥጋውስ? እዚህ ላይ አንድ ነገር አስደንቆኛል። የክብር እንስሳትና የምግብ እንስሳት ለየብቻ ናቸው። አንበሳ አይበላም፤ ዝሆንና አውራሪስም በደጋው ሰው ሕግ የሚበሉ አይደሉም። ከታላላቆቹ መካከል ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ ጎሹ ብቻ ነው፤ እርሱም የሚገኘው ከደጋው ብዙ ቀን በሚያስኬድ ቆላ ነው። በአንጻሩ ድኩላ፣ ሚዳቋ፣ ሰስ፣ ቆቅና ጅግራ ይበላሉ፤ ነገር ግን ክብር የላቸውም። ሚዳቋ ገደልኩ ብሎ የሚፎክር ሰው ቢገኝ የግብር አዳራሹ በሳቅ ይፈርስበት ነበር። ለሆዱ ብሎ የሚያድንማ ከዚህም ይብስበታል። በጣና ዳር ጉማሬ እያደኑ ይበሉ የነበሩት ወይጦዎች እስልምናን የተቀበሉ ሆነው ሳለ ጎረቤቶቻቸው ክርስቲያኖችም ሙስሊሞችም አብረዋቸው ማዕድ መቅረብን ይጠየፉ ነበር። ስለዚህ ማደን የሚያስከብረው ሥጋ እስካልተፈለገበት ድረስ ነበር ብል ብዙ የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

መጠየፍን ካነሣን፣ በደሴ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ስሙ «አይጠየፍ» ነው። ስሙ እንደሚያመለክተው ማዕዱ ሰው የማይለይ፣ ትልቁንም ትንሹንም የሚቀበል እንዲሆን የታሰበ ነው። በእንዲህ ያለ ግብር ላይ ገዳዩ ይቀርባል፣ ይፎክራል፣ ይጠጣል፣ ይበላል። የሚበላው ግን የጌታውን በሬ ነው። አዳኙ በማዕዱ ላይ ተጋባዥ እንጂ ጋባዥ አልነበረም።

ብዙ ሰው ይህን ሁሉ በሃይማኖት ብቻ ያስረዳል። ማብራሪያው ከፊል እውነት አለው። የወሎ ክርስቲያን በሥላሴ ስም ያልተባረከ፣ የወሎ ሙስሊም ቢስሚላህ ያልተባለበት ሥጋ አይበላም። ልጅ ሳለሁ አንድ ጎረቤታችን ከማሳው ያባረረውን ድኩላ ገድሎ ለአያቴ ብልት ቢልክላቸው፣ «ነፍሱ ሳይወጣ ማን ደረሰለት?» ብለው መለሱት። ይሁንና መጻሕፍቱን ስንገልጥ ነገሩ ከአያቴ ፍርድ የሰፋ ሆኖ እናገኘዋለን። ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 17 የሚበላ እንስሳ ወይም ወፍ ያደነ ሰው ደሙን አፍስሶ በአፈር እንዲሸፍን ያዛል፤ ማደኑን አይከለክልም። ዘዳግምም በምዕራፍ 14 ከሚበሉት መካከል የዱር እንስሳትን በስም ይቆጥራል። በቅዱስ ቁርኣን አምስተኛው ምዕራፍ፣ ስሙ «ማዕድ» ማለት የሆነው አል-ማኢዳህ፣ የአላህ ስም ከተወሳበት የሠለጠነ አዳኝ እንስሳ የያዘው እንደሚበላ ይናገራል።

በዚያው ምዕራፍ ግን ከሁሉ ይበልጥ ለዛሬው ጉዳያችን የሚቀርብ ቃል አለ። ለሐጅ ኢሕራም የገባ ሰው አውቆ የዱር እንስሳ ቢገድል፣ ከገደለው ጋር የሚመጣጠን የቤት እንስሳ ያቀርባል፤ አለዚያ ድሆችን ያበላል፤ አለዚያም በዚያው ልክ ይጾማል። የወሎ ደረሳ በየመስጊዱ ለዘመናት የቀራው ይህ ሕግ አዳኝንና ረሃብተኛን በግልጽ ያገናኛል። ያገናኘው ግን በቅጣት በኩል ነው፤ አዳኙ ድሃውን የሚያበላው ካደነው ሳይሆን ስላደነ ነው። በኦሪት ዘፍጥረትም አዳኙ ዔሳው ከዱር ደክሞና ተርቦ ሲመጣ የምናየው፣ ለአንድ ሳህን የምስር ወጥ ብኩርናውን ሲሸጥ ነው። ዘወር ብላችሁ ብታዩት የረሃብተኛው ተራ የደረሰው ለአዳኙ ነው፤ ያበላውም በድንኳን የሚኖረው ወንድሙ ነው።

እንግዲህ ሃይማኖቱ በሩን ሙሉ በሙሉ አልዘጋም። የሃይማኖት ማብራሪያ ብቻውን እንደማይጸና ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚያሳየን ክፉ ቀን ነው።

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የቆየው ያ ዘመን በብዙ መጻሕፍት ተጽፏል። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በዳግማዊ ምኒልክ ታሪካቸው መዝግበውታል፤ ሪቻርድ ፓንክረስትም የጊዜውን ምስክሮች አሰባስቦ ሰፊ ጥናት ጽፎበታል። የመከራው መጀመሪያ የከብት በሽታ ነው። በምጽዋ በኩል ለጣሊያን ጦር ከህንድ ከመጡ ከብቶች ጋር ገባ የሚባለው ይህ በሽታ በአማርኛችን «ደስታ» ይባላል። ክፉን በመልካም ስም የመጥራት ልማዳችን እዚህ ላይ ከመጠን ያለፈ ይመስለኛል። በሽታው ከሰሜን ተነሥቶ አገሩን አዳረሰ፤ ከከብቱ መቶ እጅ ዘጠናው አለቀ የሚል ግምት በተደጋጋሚ ተጽፏል። ቁጥሩ ሊያከራክር ይችላል፤ ውጤቱ ግን አያከራክርም። በሬ የሌለው ገበሬ አያርስም። በዚያ ላይ ዝናብ ጠፋ፤ አንበጣና ተምች መጣ፤ አይጥ የተረፈውን በላ። ወሎ ደግሞ በዐፄ ዮሐንስና በንጉሥ ምኒልክ ግዛቶች መካከል የሠራዊት መተላለፊያ ነበረችና ጎተራዋ አስቀድሞ የተራቆተ ነበር።

ሰው በዚያን ጊዜ ምን በላ? ፈረስና አህያ በላ፤ ጥንብ በላ፤ ለመናገር የሚከብድም ነገር ተጽፏል። ይህ ማለት «ማን ባረከው?» የሚለው ጥያቄ ቀርቷል ማለት ነው። የሃይማኖት አጥር በረሃብ ፊት ከፈረሰ፣ ሰው የአህያ ሥጋ ከበላ፣ ድኩላን የሚጠየፍበት ምክንያት አልነበረም። ታዲያ የአዳኞች እጅ የት ሄደ?

አንደኛው መልስ በበሽታው በራሱ ውስጥ አለ። ደስታ ይገድል የነበረው በሬን ብቻ አልነበረም። ሰኮናቸው የተሰነጠቀ እንስሳትን ይይዝ ነበር፤ ጎሽን፣ አጋዘንን፣ ድኩላን፣ ከርከሮንም ይጨምር ነበር። በሽታው ከእኛ አገር ወደ ደቡብ ሲወርድ በምሥራቅ አፍሪካ የጎሽ መንጋ እንደ ከብቱ መርገፉን የጊዜው ተጓዦች ጽፈዋል፤ በአሥር ዓመት ውስጥም እስከ አህጉሩ ደቡብ ጫፍ ደርሷል። በወሎ ጫካዎችና ገደሎች የሆነው ከዚህ የተለየ ነው የምንልበት ምክንያት የለም። ገበሬውን ያራበው በሽታ አዳኙንም ባዶ እጁን አስቀርቶታል። የጓሮው በረትና የተራራው ጫካ በአንድ ዘመን፣ በአንድ ደዌ ባዶ ሆኑ። የረሃብ ታሪክ ስንጽፍ የዱር እንስሳትን ከሒሳቡ የምናወጣው በስህተት ይመስለኛል፤ ችግር ሲመጣ የሚሸሽበት ጓዳ ጫካው ነበርና፣ ጓዳውም ተዘርፏል።

ሁለተኛው መልስ ይበልጥ መራራ ነው። በዚያን ጊዜ ጠመንጃ የነበረው ማን ነበር? በአብዛኛው ወታደሩና ባለሥልጣኑ ነበር። ደመወዝ የሌለው፣ ከገበሬው ቤት እየተሰራ እንዲኖር የተፈቀደለት ወታደር ሲርበው ወደ ጫካ አልሄደም። ቀላሉ ግዳይ የገበሬው ጎተራ ነበር። በክፉ ቀን ሠራዊት በሚያልፍበት መንገድ ዳር የሚኖር ሰው ይህን ከእኛ በተሻለ ያውቅ ነበር።

ሦስተኛውን ነገር መልስ ብዬ ልጠራው አልችልም፤ የዘመኑ ምስል ነው። ጅብና አንበሳ በረሃብ የደከመውን ሰው ከመንገድና ከደጃፉ ይወስዱ እንደ ነበር የጊዜው ጽሑፎች ይመሰክራሉ። አደኑ ተገለበጠ ማለት ነው።

በእርግጥ የሰጡ እጆች ነበሩ። ምኒልክ እንደ ተራ ገበሬ ዶማ ይዘው መሬት መቆፈራቸው፣ መኳንንቱና ወታደሩም በእጃቸው እንዲቆፍሩ ማዘዛቸው፣ ከጎተራቸውም እህል ማከፋፈላቸው ተጽፏል። የዚህ ምልክት ትርጉም ከጉዳያችን አይርቅም። ክብሩ ሁሉ በጦርና በአደን ለታነጸ መንግሥት፣ ንጉሡ ጦር ጥሎ ዶማ ማንሣቱ ትልቅ ለውጥ ነው። ረሃብን የሚያሸንፈው የገዳይ እጅ ሳይሆን የገበሬ እጅ መሆኑን ቤተ መንግሥቱ ራሱ አመነ። ክፉው ቀን ሲያልፍ ግን ክብሩ ወደ ቀድሞ ባለቤቱ ተመለሰ፤ ዶማ የያዘ ሰው በግብር አዳራሽ ተነሥቶ ሲፎክር አልተሰማም።

በኋለኞቹ የረሃብ ዘመናት የአዳኙ ቦታ ከዚህም ጠበበ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ገበሬ ወደ ዱር ሲወጣ የሄደው ለሳማ፣ ለአሉማ፣ ለቁርቁራና ለበለስ ነው። ደጋው ከታረሰ ብዙ ዘመኑ ነው፤ ጫካው ወደ ገደሉና ወደ ተራራው አናት ሸሽቷል። ከአንድ ጎልማሳ ድኩላ የሚገኘው ሥጋ ከጥቂት አሥር ኪሎ አይዘልም፤ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻና ከዚያም ወዲያ በመንገድ ዳር ለተሰለፈው ሕዝብ ይህ ምን ሊሆን? የሚያስፈልገው እህል ነበር፤ እህሉም በአገር ውስጥ ጨርሶ አልጠፋም ነበር፤ ወደ ተራበው የሚያደርሰው ፈቃድ ነው የጠፋው። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ስለ ገጠሩ ሕዝብ ለረሃብ መጋለጥ የጻፉት ጥናት ይህን በስፋት ያሳያል።

የሥጋ ጥያቄ ግን በዚያ ረሃብ ታሪክ ውስጥ ባልተጠበቀ መንገድ ተመልሶ መጣ። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በ1973 እ.ኤ.አ. በወሎ ያነሣው ፊልም፣ በ1967 ዓ.ም. መስከረም 2 ዋዜማ ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲታይ፣ በመካከሉ የቤተ መንግሥት ድግስና ንጉሠ ነገሥቱ ውሾቻቸውን ሲመግቡ የሚያሳዩ ምስሎች ተጨምረውበት ነበር። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ሥጋ ለማን እንደሚሰጥ የፖለቲካ ጥያቄ መሆኑን ያን ማታ ያላየ ተመልካች የነበረ አይመስለኝም።

ይህ ሁሉ ማለት ወሎ ሥጋ ለተራበ መስጠትን አታውቅም ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ጠንቅቃ ታውቃለች። በዒድ አል-አድሐ ከሚታረደው ለድሃ የሚደርሰው ድርሻ የታወቀ ነው። ሰደቃውና ተዝካሩ፣ ቅሬውና ማኅበሩ ሁሉ ማብላትን ያውቃሉ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለው ሕዝብ ወደ ደሴና ኮምቦልቻ በጎረፈ ጊዜ ብዙ ቤት ከማዕዱ ቀንሶ አብልቷል፤ ከመካከላችሁ ያን ያደረጉ እንዳሉ አውቃለሁ። ነገር ግን በእነዚህ ሁሉ የሚሰጠው ከበረት የወጣ፣ ባለቤት ያለው፣ ዋጋው የታወቀ ከብት ነው። ሰጪው የራሱን ነው የሚሰጠው። የዱር እንስሳ ግን የማን ነው? አዳኙ የሚሰጠው የማንን ነው?

በጥንቱ ሥርዓት መልሱ የገዢው ነበር፤ ጥርሱም ግዳዩም ወደ እርሱ ይሄድ ነበርና። ከዚያ ወዲህ የመጡት ሕጎች መልሱን የመንግሥት አድርገውታል። ምኒልክ በዘመናቸው መጨረሻ የዝሆን አደንን ለመገደብ ደንብ አወጡ፤ በ1944 እ.ኤ.አ. የአደን እንስሳት ጥበቃ አዋጅ ወጣ፤ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 541/1999 ወጣ። ያለ ፈቃድ ማደን ወንጀል ነው። ፈቃድ ገዝቶ የሚያድነው በአብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ስፖርተኛ ነው፤ የሚፈልገውም ቀንዱንና ቆዳውን ነው፤ ከሚከፍለውም ገንዘብ ትልቁ እጅ ለክልሎች እንዲሆን ተደንግጓል። ልብ ብላችሁ ካያችሁት የጥንቱ ገዳይ በአዲስ ልብስ መጥቷል። ምልክቱን ይዞ ወደ አገሩ ይገባል፤ ድርሻውን ለገዢው ይከፍላል። ለተራበው የሚደርስ ነገር ካለ ሥጋው ሳይሆን ገንዘቡ ነው፤ ገንዘቡም ከክልል ካዝና እስከ ጫካው ዳር ነዋሪ ድረስ ምን ያህል እንደሚወርድ መጠየቅ የዚህ ትውልድ ተመራማሪ ሥራ ነው። አድኖ መብላትን እንፍቀድ እያልኩ አይደለም፤ በየጎፍና በደንቆሮ ጫካ የቀሩት ድኩላዎች ለአንድ ክፉ ወር አይበቁም።

ስለ አሜሪካኖቹ ያላነሣሁት አንድ ነገር ቀርቷል። በ2008 እ.ኤ.አ. በሰሜን ዳኮታ አንድ ሐኪም ለችግረኞች የተሰጠውን የዋላ ሥጋ በራጅ ቢመረምሩ በውስጡ የጥይት እርሳስ ስብርባሪ አገኙ፤ የጤና ባለሥልጣናትም የምግብ ማደያዎች ያላቸውን ክምችት እንዳያከፋፍሉ መከሩ። ብዙ አዳኞች ተቆጡ፤ እኛም ቤተሰባችንም ይህንኑ ስንበላ ኖረናል አሉ። ክርክሩን ሳነብ አያቴ ትዝ አሉኝ። እርሳቸው የጠየቁት ስለ በረከቱ ነበር፣ ሐኪሙ የጠየቁት ስለ እርሳሱ፤ ሁለቱም ግን ብልቱን ሳይቀበሉ በፊት በምን እጅ እንዳለፈ ማወቅ ፈልገዋል።

ከእናንተ መካከል በቤተሰቡ የገዳይ ፉከራ የሚያውቅ አረጋዊ ያለው ተማሪ፣ ፉከራውን ብቻ ሳይሆን ሥጋው የት እንደ ደረሰ ጠይቆ ቢመዘግብልኝ ደስ ይለኛል። አሁን ለጥያቄ ጊዜ ልተው።